የእትዬ ዘሀራ መጽሐፎች መጨረሻ የላቸውም

«ዛሬ እናትና ልጅ ተገናኙ!»

ይህን ያለው በእትዬ ዘሀራ ለቅሶ ላይ፣ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ተነስቶ የተናገረ አንድ ደራሲ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ነው ያለው። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ሴቶች እሪ ብለው አለቀሱ። ወንዶቹም አቀርቅረው ዓይናቸውን ጠራረጉ። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ ልወረውርበት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ጊዜው አልፏል፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ደራሲውን በስም አልጠራውም። የታወቀ ሰው ነው፣ ስሙን የሚጠሩለት ሞልተዋል፣ በኔ አይጎድልበትም። እኔ የምጽፈው ስለ እትዬ ዘሀራ ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ያወራ ነበር፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት የኖሩትን ግን ያስታወሰ አልነበረም።

ሽኩር እባላለሁ፣ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። መርካቶ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ በሚሸጥበት ጥግ፣ የኔንና የእትዬ ዘሀራን ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር። እሳቸው መጽሐፍ ያከራያሉ፤ እኔ ተከራይ የበጣጠሰውን እጠርዛለሁ። ባስነጠስኩ ቁጥር ከወዲያ በኩል «የርሐሙከላህ ሽኩሬ!» ይሉኛል። የሙጫዬ ሽታ ሲያስቸግራቸው ደግሞ «ኧረ ይኼ ነገርህ ሊደፋኝ ነው!» እያሉ ቆርቆሮውን በጫማቸው ይደበድቡታል። አጠር ያሉ፣ ቁጡ፣ ከወሎ የመጡ ሴት ነበሩ። የመነጽራቸው እጀታ ስለተሰበረ በሱሪ ላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር አስረውት ነበር የሚውሉት። መደርደሪያቸውን የሠሩላቸው የምን አለሽ ተራ ቀጥቃጮች ናቸው፣ ከአሮጌ በርሜል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንቋቋል።

አከራያቸው እንዲህ ነበር። መታወቂያህን መያዣ ትሰጣለህ፣ መጽሐፍህን ትወስዳለህ። ስትመልስ መታወቂያህን እንዲሁ አይሰጡህም። ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይይዙትና «መጨረሻው ምን ሆነ?» ይሉሃል። ካልነገርካቸው አይለቁህም። የሚገርመው ደግሞ መጨረሻውን እሳቸው አስቀድመው ያውቁታል። የትኛውንም መጽሐፍ ማንበብ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ምዕራፍ ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ እንዲህ ሲያነቡት ምኑ ይጥምዎታል?» ብላቸው፣ «እስካሁን የጠበቅሁት አይበቃኝም? ደግሞ በመጽሐፍ ልጠብቅ?» አሉኝ።

የሚጠብቁት ልጃቸውን ነበር።

ኑሩ የበኩር ልጃቸው ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ ከቀበሌ የመጡ ሰዎች ከቤት ወሰዱት። አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ነበር። ሹራቡን የሠሩለት እሳቸው ናቸው፤ ክሩ ስላልበቃቸው የግራ እጅጌው አጠር ብሎ ነበር የቀረው። ከወሳጆቹ አንዱ «ለትንሽ ጥያቄ ነው እናቴ፣ አሁን ይመለሳል» አላቸው። ከዚያ በኋላ የኑሩን ወሬ የሰማ የለም። ከታሰሩት መሀል የለም፣ ሬሳቸው መንገድ ላይ ከተጣለውም መሀል የለም። ባላቸው በዚያው ሐዘን ሞቱ። እትዬ ዘሀራ ከትንሿ ልጃቸው ከራህመትና ከኑሩ መጽሐፎች ጋር ቀሩ። ያኔ ማንበብ እንኳ አይችሉም ነበር። ፊደል የቆጠሩት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። «ልጄን የወሰደብኝ መንግሥት ነው ማንበብ ያስተማረኝ፣ ደግ ነበር!» እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ያስፈራኝ ነበር።

ሱቁን የከፈቱት በእነዚያ በኑሩ መጽሐፎች ነው። ከእነሱ አንዱን እንኳ አልሸጡም። ገዢ ዋጋ እየጨመረ ሲለምናቸው «የኔ አይደለም፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይጠይቀኛል» ይሉታል። የማያውቃቸው ሰው ዋጋ ለማስወደድ ይመስለው ነበር።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩ፣ ጉድጓድ ተገኘ በተባለበት ሁሉ ሄዱ። አንዳንዴ እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ሸራ ላይ አጥንት ተደርድሮ፣ ከጎኑ የጫማ ሶል፣ ቀበቶ፣ የጨርቅ ቁራጭ ይቀመጣል። እናቶች ያጎነብሱና ጨርቁን በጣታቸው አሸት አሸት ያደርጉታል። አንዷ የልጇን ልብስ አውቃ ስትወድቅ ሌሎቹ ያነሷትና ተመልሰው የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። እትዬ ዘሀራ አላገኙም። አንድ ቀን አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ጠጋ አላቸውና፣ «ስንቱ ባለቤት አጥቶ ቀርቷል። አንዱን የኔ ነው በይና ውሰጂው። አንቺም ታርፊያለሽ፣ እሱም ወግ ያለው መቃብር ያገኛል» አላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ አዝኖላቸው ነው። እትዬ ዘሀራ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀና ብለው አዩት።

«ነገ እናቱ ብትመጣሳ?» አሉት። «እዚህ ቁማ ስትፈልግ፣ ያንቺን እኔ ወስጄ ቀብሬዋለሁ ልበላት?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አላነሳባቸውም።

ደራሲው የመጣው ከዚህ ሁሉ ብዙ ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ተከራይ ነበር። ትሑት ነው፣ ባገኛቸው ቁጥር ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል። ስለዚያ ዘመን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው አላቸውና ስለ ኑሩ ጠየቃቸው። ነገሩት። ስለ ሹራቡ፣ ስላጠረው እጅጌ፣ «አሁን ይመለሳል» ስላለው ሰውዬ፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ክረምቱን በሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ሲቀዳቸው በቆርቆሮው በኩል እሰማ ነበር። እውነቱን ልናገርና አልጠላሁትም። እንዲያውም ዝናቡ ሲበረታ እኔ ነኝ ሻይ የማዝለት። የሚሰማቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

መጽሐፉ ታትሞ የወጣ ጊዜ በጠዋት፣ ገና ሱቃችንን ስንከፍት መጣ። እስር ሙሉ መጽሐፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠና «እትዬ፣ ይኼ የእርስዎ ነው፣ ያከራዩት» አላቸው። አንዱን ፈረመበት። ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። ሽፋኑ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይላል። እትዬ ዘሀራም እንደ ልማዳቸው ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀመሩ።

እኔ ካርቶን እየቆረጥሁ ነበር። ብዙ ቆይቶ ቆርቆሮው ተደበደበ።

«ሽኩር! ሽኩሬ! ተገኘ!»

«ምኑ?»

«ኑሩዬ! ኑሩዬ ተገኘ!»

ሮጬ ገባሁ። ቆመዋል፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል፣ መጽሐፉን ወደኔ ዘርግተዋል። ተቀብዬ አነበብሁት። በመጨረሻው ምዕራፍ እናትየው አትክልት ተራ አጠገብ ወዳለ አሮጌ መጋዘን ትሄዳለች። ከጓሮው፣ ከዋርካው ሥር ሲቆፈር፣ ግራ እጅጌው ያጠረ አረንጓዴ ሹራብ ይወጣል። ልጇን ትቀብራለች፣ ያን ዕለትም ከስንት ዓመት በኋላ እንቅልፍ ይወስዳታል። እዚያ ላይ ያልቃል። መጋዘኑ ደግሞ በእውን ያለ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ይታሰርበት እንደነበር ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዋርካውም ቆሞ ይታያል።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ልብ ወለድ ነው» አልኳቸው።

«ሹራቡም ልብ ወለድ ነው?»

«ሹራቡን የነገሩት እርስዎ ነዎት።»

«አዎ፣ ሹራቡን ነገርሁት። ዋርካውን ነገርሁት? መጋዘኑን ነገርሁት? አጣርቶ ነው! የተማረ ሰው ነው፣ ፋይል አይቶ፣ ሰው ጠይቆ ነው። በአፉ ሊነግረኝ ጨነቀው እንጂ! ለምን በጠዋት መጣ? ለምን ጉልበቴን ስሞ ሳይቀመጥ ሄደ?»

ይህን ሲሉ እኔም ልቤ ተጠራጠረ። እኛ ዘንድ መርዶ በድንገት አይነገርም። በጠዋት ነው የሚመጣው፣ ተጠንቅቆ፣ ዙሪያውን ዞሮ፣ የሚያረዳውም ሰው ፊትህን ማየት ይጨንቀዋል። እትዬ ዘሀራ ያን መጽሐፍ መርዶ አድርገው ነው የተቀበሉት። ማን ይፈርድባቸዋል?

ሱቁን ዘጉ። ሰው ሞቶ ወይም መቃብር ተቆፍሮ ካልሆነ በቀር ዘግተው አያውቁም ነበር። አትክልት ተራ ወርደው ሁለት ተሸካሚዎች ዶማና አካፋ አስይዘው ወደ መጋዘኑ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። መጋዘኑ አሁን ሙዝ ማብሰያ ሆኗል። ዘበኛው አላስገባም ብሎ ሲሟገት ባለመጋዘኑ መጣ። የጉራጌ ሰው ነው፣ ነጋዴ። ነገሩን ከሰማ በኋላ ምንም ሳይጠይቅ «ይግቡ እናቴ፣ እስኪበቃዎት ይቆፍሩ» አላቸው፣ ሠራተኞቹንም ጨመረላቸው። የዚያን ሰው ደግነት ባሰብኩ ቁጥር በደራሲው ላይ ያለኝ ንዴት ይብስብኛል።

ዋርካውን ዙሪያውን ቆፈሩት። አንድ የፕላስቲክ ጫማ ሶል ወጣ። ቀጥሎ አጥንት ወጣ። እትዬ ዘሀራ አጥንቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«የበሬ ነው እማማ» አላቸው አንዱ ቆፋሪ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ የበሬ ነው።»

ቢሆንም አልጣሉትም፣ ከጎናቸው አስቀመጡት። እኔ ወጣ ብዬ ለደራሲው ደወልኩለት። ያለህበትን ጥለህ ና አልኩት፣ ጮኼ ነው ያልኩት። በታክሲ መጣ። ጉድጓዱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እትዬ ዘሀራ አፈር በአፈር ሆነው ተነሱ፣ ሲያዩት ፊታቸው በራ። ያንን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«መጣህ ልጄ! በየት በኩል ነው?»

«እትዬ ዘሀራ...»

«በየት በኩል ነው? ማን ነው የነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ታዲያ ሹራቡን እዚህ ማን ቀበረው?»

ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ቁልቁል ያዙ። ደራሲው ዙሪያውን አየ፣ የሚረዳው አላገኘም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ?»

«ማለቴ፣ በታሪኩ ውስጥ... ታሪኩ መቋጫ ያስፈልገው ነበር እትዬ። አንባቢ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ሲቀር ቅር ይለዋል። ለእርስዎም እረፍት ይሆናል ብዬ ነው።»

«እረፍት ለምኜህ ነበር?»

እትዬ ዘሀራ ከእጃቸው አፈሩን አራገፉ።

«የለመንሁት ልጄ የት እንዳለ እንዲነገረኝ ነው። ሳታገኘው አገኘሁት አልክ። አሁን አንባቢህ ሁሉ ኑሩ ተቀበረ፣ እናቱም አረፈች ብሎ መጽሐፉን ዘግቶ ይተኛል። ከእንግዲህ ማን ይፈልግልኛል?»

መልስም አልጠበቁም። ወደ ቆፋሪዎቹ ዞረው «አፈሩን መልሱ» አሉ፣ ራሳቸውም ተንበርክከው በእጃቸው አፈር መግፋት ጀመሩ። ባለመጋዘኑ አነሳቸው።

በማግስቱ ያንን እስር መጽሐፍ ተሸክመው ሱቄ ገቡ። ፈርሞ የሰጣቸውን ከላይ አድርገውታል። የመጨረሻው ምዕራፍ የሚጀምርበትን ገጽ ገልጠው ጣታቸውን አኖሩበት።

«ከዚህ ቁረጥልኝ። ከዚያ ጠርዘው።»

ተሟገትኋቸው። ሥራዬ የተቀደደ መስፋት ነው፣ ጤነኛ መጽሐፍ መቅደድ አይደለም አልኳቸው። «ጤነኛ?» አሉኝ። «ጤነኛ መጽሐፍ ያልሆነውን ሆነ አይልም።» ቢላዬን አነሳሁ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የደራሲው መጽሐፍ በእትዬ ዘሀራ ሱቅ የሚያልቀው እናትየው በር ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ነው። ጥሩ አድርጌ ነው የጠረዝኩት፣ ቀድሞም እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላል። ቆይቼ ሳስበውም ከመጀመሪያው እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

በእሱ አላበቁም። ያን ሰሞን ስለዚያ ዘመን የሚጻፍ ልብ ወለድ በዝቶ ነበር። አዲስ መጽሐፍ በገባ ቁጥር መጨረሻውን አንብበው ወደኔ ይመጣሉ። በአንዱ የጠፋው ልጅ ከውጭ አገር ይመለስና ሠርጉ ይደገሳል። «ይኼም አገኘ!» ይላሉ፣ ያስቆርጡታል። በሌላው ገዳዩ አርጅቶ፣ እናትየው እግር ሥር ወድቆ ይቅርታ ይለምናል። «ኧረ? እኔ ቤት ማንም አልመጣም!» ብለው ያንንም አስቆረጡ። አንዳንዱን ግን ከላይ እስከ ታች አንብበው ሲጨርሱ እጃቸውን ሽፋኑ ላይ ያሳርፉና «ይኼን እንዳትነካው፣ ይኼ ሰው ያውቃል» ይሉኛል። እንዲህ ያሉት ጥቂት ነበሩ።

የተቆረጠውን ቅጠል አይጥሉትም ነበር። በራችን ላይ ቆሎ ለምትሸጠው ለብርቄ ይሰጧታል፣ እሷ ትጠቀልልበታለች። ነገሩ ሲታወቅ ያልጠበቅነው መጣ፤ አንባቢው መጨረሻውን ፍለጋ ቆሎ መግዛት ጀመረ። አንዱ ሽምብራውን አፉ ውስጥ ደፍቶ ወረቀቱን ዘርግቶ እዚያው ቆሞ ያነባል። ሌላው «የሚቀጥለውን ገጽ የወሰደ ማነው?» እያለ ሰልፈኛውን ይጠይቃል። የብርቄ ገበያ እንደዚያ ደርቶ አያውቅም። ደራሲው ራሱ አንድ ቀን ሲያልፍ አንድ ተማሪ የእሱን ሹራብ፣ ማለት የኑሩን ሹራብ፣ ጨው በነካው ወረቀት ላይ ሲያነብ አየና ወደኔ መጣ።

«ሥራዬን እያበላሹብኝ ነው ሽኩር። አንድ በላቸው።»

«ክሰሳቸው» አልኩት። «ለዳኛው መጀመሪያ ያንን ጉድጓድ ትነግረዋለህ።»

ሄደ። እኔም ቀኑን ሙሉ አንድም መርፌ በትክክል አልገባልኝም።

አንባቢዎቹም አናደውኛል። መጽሐፉን መልሰው ሲመጡ «መጨረሻው የለም እኮ!» ብለው ይጮሁባቸዋል፣ ገንዘባችን ይመለስ የሚሉም ነበሩ። እትዬ ዘሀራ መታወቂያውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «አልተገኘም» ይሏቸዋል። እንዲህ ብቻ ነው የሚሉት። አንዳንዱ እየተሳደበ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ግን፣ አስታውሳለሁ፣ ይህን ሲሰማ መታወቂያውን ሳይቀበል ቁጭ አለ፤ የእሱም ወንድም ከዚያ ዘመን ጀምሮ አልተመለሰም ነበር።

እትዬ ዘሀራ በሁሉም ነገር ልክ ነበሩ ልል አይደለም። ብርቄ ራሷ እህቷን በዚያው ጊዜ አጥታለች። አንድ ቀን ሹራቡ የተገኘበትን የመጨረሻውን ገጽ ሳትጠቀልልበት፣ ከቆሎው ቁና ሥር ደብቃው አገኙባት።

«ይኼን ምን ልታደርጊው ነው?» አሏት።

«እትዬ አይቆጡኝ። ማታ ልጄ ያነብልኛል። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ስሰማው ግን ትንሽ ቀለል ይለኛል።»

ይጮሁባታል ብዬ ስጠብቅ፣ ጠጋ ብለው ወረቀቱን ከቆሎ ቅርፊት አራገፉላት። «አንቺን ካሳረፈሽ ያንቺ ይሁን። እኔን አረፈች አይበሉኝ እንጂ» አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ የመጨረሻውን ገጽ ለብቻው አስቀምጠው በእጃቸው ይሰጧት ነበር።

የታመሙት ድንገት ነው፣ ኩላሊታቸው ነበር። የመጨረሻ ሰሞን ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው ራህመት ትራሳቸውን አቀናችላቸው፣ መነጽራቸውን ጠየቁኝና ላስቲኩን ራሴ አሰርኩላቸው። ሲያዩኝ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው አንድ ያልተመለሰ መጽሐፍ ነበር። ከኑሩ መጽሐፎች አንዱ ነው። ተከራዩ እንደሚመጣ ነገርኋቸው።

«ሽኩሬ» አሉኝ ቆይተው። «እኔን ስትቀብሩ ኑሩን አብራችሁ እንዳትቀብሩብኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ?»

«ሰውን አውቀዋለሁ። ሲያዝንልህ መጨረስ ይወዳል። እሷም ሞተች፣ እሱም ሞቷል፣ እዚያ ተገናኙ ይላሉ። እኔ የማልፈልገው ይህን ነው። ካገኙት የቀብር ሶላት ይስገዱበት። እስኪያገኙት አይስገዱበት። ኧረ አትበለኝ፣ ማልልኝ!»

ማልሁላቸው። በሳምንቱ ሞቱ። ኮልፌ ቀበርናቸው።

እንግዲህ ያ ሰው ድንኳን ውስጥ ተነስቶ እናትና ልጅ ተገናኙ ሲል ለምን ጫማዬ ትዝ እንዳለኝ አሁን ይገባችኋል። የከፋው ገና ቀጥሎ ነበር። ንግግሩ ዱዓ ሊመሩ የመጡትን ሸህም ነካቸው። እጃቸውን አነሱና «ለሟች ዘሀራና ለሟች ልጃቸው ለኑሩ ዱዓ እናድርግ» አሉ። የሰዉ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። የኔ እጅ አልወጣም። ተነሳሁ።

«ሸህ፣ ኑሩ አልተገኘም» አልሁ።

የእድሩ ሊቀመንበር ተቀመጥ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አልተቀመጥሁም። ድምፄ ይቆራረጣል፣ ግን ጮኼ ነው የምናገረው።

«እትዬ ዘሀራ ሞተዋል። ኑሩ ግን አልተገኘም። የት እንደጣሉት የሚያውቁ ሰዎች እዚችው ከተማ ውስጥ ምሳቸውን እየበሉ ነው። እኛ ተገናኙ ካልን፣ በቃ፣ እነሱን ማን ይጠይቃቸዋል? እትዬ ይህን አደራ ብለውኛል።»

አንዱ «ሰውየው አብዷል» ሲል ሰማሁት። ያኔ ከመጋረጃው ወዲያ የራህመት ድምፅ መጣ።

«እውነቱን ነው! ወንድሜን አትቅበሩብኝ!»

ሸሁ እጃቸውን አወረዱ። ከዚያ እንደገና አነሱ። «ለዘሀራ ዱዓ እናድርግ» አሉ። «ኑሩንም አላህ ያለበትን ያሳውቀን።» ያኔ እጄን አነሳሁ፣ አሚን አልሁ፣ አለቀስሁም። ደራሲው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምንጣፉን ያያል። ስወጣ ተከትሎ መጣና እጄን ያዘኝ። ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ ቆምኩ።

«የመጨረሻ ቃላቸው ምን ነበር?» አለኝ። «መጽሐፉ ዳግመኛ ሊታተም ነው።»

እጄን አስለቀቅሁና ሄድሁ። ሳልሰድበው የሄድሁት ለቅሶ ቤት ስለነበር ብቻ ነው።

አዲሱ እትም ወጣ። አንድ ምዕራፍ ጨምሮበታል፤ እናትየው ትሞታለች፣ ልጇ አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ በር ላይ ይቀበላታል። ሰው በጣም ወደደው አሉ። ራህመት የእናቷን ሱቅ ከፍታ ነበር፣ በርሜሉ መደርደሪያ እንዳለ ነው፣ መነጽሩን ላስቲኩ ላይ እንዳለ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። አዲሱን መጽሐፍ ይዛ ወደኔ መጣች። ከኋላ ገልጣ ጣቷን ገጹ ላይ አኖረች፣ እኔም ቢላዬን አነሳሁ።

መጀመሪያ የተከራየው አንድ ወጣት ነው። ሲመልስ ሙጫ እያበጀሁ በቆርቆሮው በኩል እሰማቸዋለሁ።

«እህት፣ መጨረሻው የለም እኮ። የት ሄደ?»

«አልተገኘም» አለችው ራህመት፣ መታወቂያውንም መለሰችለት።